ከጥጥ ጋር የተኛው ሸማኔ

ሾዴ በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ዘንድ የተከበረ ሰው ነበር። እሱ የሠራውን ኩታ ጥለቱን አይተው ይለዩታል። በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ክረምት ግን ሳል ያዘው። መወርወሪያውን ጥሎ ደረቱን ይይዛል፤ ሲተነፍስ የሚያፏጨው ድምፅ እስከ ጎረቤት ይሰማል።

ወንድሙ የሞተው በሳንባ ነቀርሳ ነውና ሾዴ ማንንም ሳይጠይቅ እኔንም ያው ያዘኝ ብሎ በራሱ ላይ ፈረደ። ሚስቱ ብርነሽ ከወለደች ወር አልሞላትም። ሕፃኗ አዲሳለም እንዳይጋባባት ብሎ ዋንጫውን ለየ፤ መኝታውንም ወደ ጓዳ አዛወረ። ጓዳው የተነደፈ ጥጥ እስከ ጣሪያው የተቆለለበት ነው። እዚያ ባሰበት። በባሰበት ቁጥር በሩን ይበልጥ ጠበቅ አድርጎ ዘጋ። ሦስት ወር ሙሉ ልጁን በበር ቀዳዳ አያት።

ብርነሽ «የልጄ አባት ነህ ወይስ ተከራይ?» እያለች ብትነዘንዘው ሐኪም ቤት ሄደ። ሦስት ጧት ተመላልሶ አክታውን ሰጠ።

ላቦራቶሪ የሚሠራው ደበላ የጎረቤቱ ሰፈር የቁስቋም ሰው ነው፤ ሾዴን በኩታው ያውቀዋል። ጠራውና ማይክሮስኮፑን አሳየው።

«ቀይ ፍሬ የሞላባቸው ክቦች ይታዩሃል?»

«ነቀርሳው ናቸው ጋሼ?»

«የነቀርሳ ጀርም ፈልጌ አጣሁ። እነዚህ የገዛ ደምህ ዘቦች ናቸው። ሥራቸው እንደ ትል ያለውን ጠላት መውጋት ነበር። አንተ ዘንድ ግን የጥጥ ብናኝ ባዩ ቁጥር ጠላት መጣ ብለው ይነሣሉ፤ የሚቆስለው የራስህ ሳንባ ነው። መተንፈሻህ አብጦ ይጠብባል። ሐኪሙም አስም ነው ብሏል። ለመሆኑ የት ነው የምትተኛው?»

ሾዴ ነገረው።

«ጥጥ ውስጥ? አንተ ሰውዬ! ዘቦቹን ልትቀልብ ነው የገባኸው?» ደበላ ሳቁ አመለጠው።

ሾዴ አልሳቀም። ስለ መድኃኒቱም አልጠየቀም።

«ልጄን ብስማት ይይዛታል?»

ደበላ ሳቁን ዋጠ። «አይተላለፍም። ከጥጡ ውጣና ሳማት፤ በቃ።»

ሾዴ ቤቱ ሲደርስ ጋቢውን ደጅ አራገፈ፤ ፊቱንና ጢሙን ታጠበ። ብርነሽ ሕፃኗን ስትሰጠው ተቀብሎ ጉንጯን ሳማት። አዲሳለም የማታውቀው ሰው ሆነባትና እሪ አለች።

«አየህ፣ አላወቀችህም» አለች ብርነሽ፤ ልትቀበለውም እጇን ዘረጋች።

«ታልቅስ፤ እውነቷን ነው።»

ደረቱ እያፏጨ፣ ዝም እስክትል ድረስ አቅፏት ቆመ።