ወላጅ ይዘሽ ነይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አስተምር ነበር። እኛ መምህራን ወላጅ የምንጠራው አንድም አጥር ሲፈርስ፣ አንድም ልጅ ሲያጠፋ ነው። አጥር ሲፈርስ አባቶች ባሕር ዛፍ ተሸክመው ይመጣሉ። ልጅ ሲያጠፋ ደግሞ ቆመው ይወቀሳሉ፣ ልጁ ቤት ሲገባ ይገረፋል። ለምስጋና የተጠራ ወላጅ አይቼ አላውቅም። ይህንንም በሪፖርታችን ላይ «የወላጅና የትምህርት ቤት ትብብር» እያልን እንጽፈው ነበር። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ያኔ ግን ምንም አይመስለኝም ነበር።

አንዲት ጎበዝ ልጅ ነበረችኝ። የጠየቅኋትን ሁሉ በቃሏ ትመልሳለች፤ ከሰሌዳው ገልብጪ ስላት ግን ደብተሯ ባዶ ይሆናል። መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ተቆጣኋት። አንድ ቀን አጠገቤ አቁሜ ሳስነብባት ዓይኗን አጨንቁራ አንገቷን ስታጣምም አየሁና ደነገጥሁ። ልጅቷ አጥርታ አታይም። የግራ ዓይኗማ ቀልቶ እንባ አዝሏል።

«ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ» አልኋት። ለምን እንደሆነ አልነገርኋትም። እኛ ዘንድ ቁም ነገር ለአዋቂ እንጂ ለልጅ አይነገርም።

በማግሥቱ አንድ ጎልማሳ አስከትላ መጣች። «አጎቷ ነኝ፣ የአባቷ ወንድም» አለ። እሷን ከቢሮ አስወጥቼ በሩን ዘጋሁና ዓይኗ እንደታመመ፣ ሳይውል ሳያድር ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መወሰድ እንዳለባት አስረዳሁት። «እሺ መምህር፣ ለአባቷ እነግራለሁ፤ እግዜር ይስጥልን» ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። ኩራት ኩራት እያለኝ ዋልሁ። ልጅቷን ከፊት ወንበር አስቀመጥኋትና ነገሩን ረሳሁት። አዎ፣ ረሳሁት።

ከወራት በኋላ፣ ሰኔ ላይ፣ አባቷ ካርድ ሊቀበል መጣ። ውጤቷን አስነብቦ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ይችስ ትምህርት አልሆነላትም መምህር፤ በቃ ቤት ትዋል» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «ዓይኗን ሳያሳክሙ እንዴት ይሆንላታል? ለወንድምዎ ነግሬው የለም እንዴ!» ብዬ ጮህሁ። በዕድሜ በሚበልጠኝ ሰው ላይ መጮኼ እንኳ አልታወቀኝም።

ሰውየው ግራ ገብቶት አየኝ። «ኧረ መምህር፣ እኔ ወንድምም የለኝ» አለ።

ልጅቷ ተጠርታ ስትጠየቅ እያለቀሰች ተናገረች። ምን እንዳጠፋች ስላላወቀች፣ አባቷ እንዳይገርፋት ፈርታ፣ መንገድ ላይ ያገኘችውን ባለጋሪ ‹አጎቷ ነኝ› በልልኝ ብላ ለምናው ኖሯል። እሱም ከቢሮ ሲወጣ «አይዞሽ፣ አስታርቄሻለሁ፤ ሁለተኛ እንዳታጠፊ» ብሏት ጋሪውን ነድቶ ሄዷል። ይህን ሰው ብዙ ጊዜ ረግሜዋለሁ። ግን ሰበብ ፍለጋ ነው። ልጆች መንገደኛ እየለመኑ ወላጅ እንደሚያስመስሉ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ በእረፍት ሰዓት እያወራን እንስቅበት ነበር።

አባትየው በነጋታው ፍኖተ ሰላም ወሰዳት። ሲመለሱ የቀኝ ዓይኗ በመነጽር እንደሚረዳ፣ የግራው ግን ጊዜው እንዳለፈበት ነገረኝ። እንዲሰድበኝ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን በትሩን ተደገፈ።

«መምህር» አለኝ መሬት መሬቱን እያየ፤ «ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወርዱ እኮ በደጃፌ ነው የሚያልፉ። ልጂቱ ድምፅዎን ሰምታ ‹መምህሬ አለፉ› ትለናለች። ጎራ ብለው ቢነግሩን ምን ነበረ?»

ቤቷ የት እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ይህን ለአባቷ መናገር አፈርሁ።