ኦሳካ ላይ አንድ ሳህን

ጀዋሂር ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትቀጠር፣ ደሴ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ ያረጁት አባቷ አቶ አብዱልሰላም፣ «እኛ ሸጠን ሸጠን፣ መሥራቱ ላንቺ ደረሰ» ብለው ስቀው ነበር።

ፋብሪካው ውስጥ ከጎኗ የምትሠራው ፀሐይነሽ የኮምቦልቻ ክርስቲያን ናት። ሁለቱ ነፍስና ሥጋ ነበሩ። ሽሮውንም ምስሩንም ከአንድ ሳህን ይበላሉ፤ ሥጋ የተሠራ ቀን ግን ይለያያሉ። ጀዋሂር ስትዳር ለፀሐይነሽና ለወገኖቿ ለብቻ ታረደ። ፀሐይነሽም ልጇን ክርስትና ስታስነሳ ለእስላሞቹ እንዲሁ አሳረደች። የወሎ ወግ ነውና ማንም ቅር አላለውም።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ አዲስ የሽመና ማሽን ሊመጣ ነው ተባለና ሁለቱ ለሥልጠና ጃፓን፣ ኦሳካ ተላኩ። ጥር ነበር፤ ብርዱ የደሴውን የጦሳ ተራራ ውርጭ ያስንቃል። የመጀመሪያው እሑድ ላይ ተጠቃቅፈው ገበያ ወጡ።

መንገዱ ከላይ ጣሪያ ለብሷል። ግራና ቀኙ ሱቅ ነው፤ ሻጮቹ ደጅ ቆመው እየጮኹ ይጣራሉ። አንዱ ምግብ ቤት በር ላይ በሬ የሚያክል ሸርጣን ተሰቅሎ እግሮቹን ያንቀሳቅሳል። ፀሐይነሽ አማተበች።

«ወላሂ የደሴን ሰኞ ገበያ ቆርቆሮ አልብሰውት ነው» አለች ጀዋሂር።

ደሴ ያኔ መደርደሪያው ሳስቶ፣ ስኳርና ሳሙና በቀበሌ የሚታደልበት ጊዜ ነበር። እዚህ ጨርቁ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። እንደ አባቷ ጫፉን በሁለት ጣት እያሸች ሱቅ ለሱቅ ዞረች። በመጨረሻ ለእሳቸው ጃንጥላ ገዛች፤ ቁልፉን ሲጫኑት ቧ ብሎ በራሱ የሚከፈት።

ሲርባቸው አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገቡ። ራሱን በፎጣ ያሰረ ሽማግሌ ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ይከትፋል። አሳማ እንዳይሆን በምን ቋንቋ ይጠይቁ? ጀዋሂር ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ አፍንጫዋን በጣቷ ወደ ላይ ገፍታ እንደ ከርከሮ አንኮራፋችና እጇን አወናጨፈች።

ሽማግሌው ቢላዋውን አስቀመጠ። ሳቁ ሲመጣ ባንኮኒውን ይዞ ነው የቆመው። ሚስቱን ጠራና ጀዋሂርን ድገሚው አላት በምልክት። ደገመችው። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ሰውየው መዳፎቹን አጋጥሞ እያጥመለመለ አሳያቸው።

«ዓሣ ነው!» አለች ፀሐይነሽ። ወዲያው ግን ወደ ጀዋሂር ዞረች። «ዓሣ ደግሞ የማን ነው? ያንቺ ነው የኔ?»

«ዓሣ አይታረድም። ሐላል ነው።»

«እንግዲያ የሁለታችንም ነው!»

የተጠበሰው ዓሣ በአንድ ትልቅ ሳህን መጣ። በሁለቱ ቀጫጭን እንጨቶች ቢሞክሩ አልሆነም፤ በእጃቸው ገቡበት። ፀሐይነሽ እሾሁን በጥንቃቄ ለቅማ ጎረድ አደረገችና ጉርሻውን ዘረጋች። ጀዋሂር ተቀበለች። በዚያ ሁሉ የወዳጅነት ዘመን ሽሮ ተጎራርሰዋል፤ ሥጋ ነክ ነገር ግን የመጀመሪያቸው ነው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ምነው፣ እሾህ ነው?»

«እሾህ ነው» አለች ጀዋሂር።

በሚቀጥለው እሑድ ያቺን ቤት ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጧት፤ ጠባብ መንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ደክሟቸው ድልድይ ላይ ቆመው ሳለ አንድ የስኳር ድንች ጠባሽ ጋሪውን እየገፋ መጣ። የሚጣራው በዜማ፣ በረጅሙ እየሳበ ነው።

«መንዙማ አይመስልም?» አለች ጀዋሂር።

«እኔንስ ቅዳሴ መሰለኝ።»

ትኩሱን ድንች እየተቀባበሉ፣ ሰውየው ከዓይናቸው እስኪጠፋ አዳመጡት።

ሲመለሱ አቶ አብዱልሰላም ጃንጥላውን ሱቃቸው ውስጥ ለደንበኛ ሁሉ ሲከፍቱ ሲዘጉ ከረሙ። የክረምቱ ዶፍ ሲመጣ ግን አሮጌውን ይዘው ወጡ።

«አባ፣ አዲሱስ?»

«ይሄንን የመሰለ ዕቃ ዝናብ ላስመታው?»

ከጥቂት ዓመት በኋላ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወሎ ሲቃረብ የፀሐይነሽ ባል ወደ ናዝሬት ተዛወረ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ፀሐይነሽ በመስኮቱ እጇን አወጣች፤ ጀዋሂር እስኪንቀሳቀስ ይዛት ቆየች። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

ዛሬ ጀዋሂር ጡረታ ወጥታ ደሴ ትኖራለች። ጃፓን እንዴት ያለች አገር ናት ሲሏት ከፎቁና ከባቡሩ ትጀምራለች፤ ፀሐይነሽ ጋ ስትደርስ ግን «እሾህ ነው» ብላ ወሬውን እዚያው ትተዋለች።