ለለቅሶ ሲባል ዝም ያሰኘነው ማንቂያ

ሥራ የጀመርኩት ሶዶ ዝናብ በያዘበት ሰሞን ነው። የተቀጠርኩበት ማዕከል ከበሽታ የጸዳ ችግኝ በላቦራቶሪ እያባዛ ለገበሬ ያከፋፍላል። በመጀመሪያው ቀን ጭቃው ጫማዬን ይዞ አስቀረኝና አርፍጄ ገባሁ። አለቃዬ አቶ ማርቆስ አልተቆጡኝም። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ስክሪን ፊት አቆሙኝና አረንጓዴው ደህና፣ ቀዩ ችግር መሆኑን ነገሩኝ። ቀይ ሲበራ የሚመለከተው ሰው ስልክ ይጮሃል። የዚያን ቀን የተማርኩት ይኸው ነው፤ የቀረው ዓመታት ወሰደብኝ።

የእኛ የኮምፒውተር ክፍል ሥራ ሰው የማያየው ሥራ ነው። የማዕከሉ ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ሲሠራ መኖራችንንም የሚያስታውስ የለም፤ ሲቆም ግን ስማችን በየቢሮው ይነሳል። ስለዚህ ሰርቨር ለጥገና ከማጥፋታችን በፊት ስክሪኑን ለሚያሠራው የክትትል ፕሮግራም፣ ለሞኒተሪንጉ፣ እንነግረዋለን፦ የትኛው ማሽን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ለምን። ይህን ዳውንታይም መያዝ እንለዋለን። ካልያዝን ራሳችን ባጠፋነው ማሽን የሁላችንም ስልክ ሲጮህ ይውላል።

ብዙ ሰው ግን ዳውንታይም ሲያዝ ጥበቃው የሚቆም ይመስለዋል። አይቆምም። ቀዩን ያያል፣ ይመዘግባል፣ ለማንም አይናገርም። ዳውንታይም ስንይዝ ደግሞ በማሽኑ ሥር የተያያዙትን ዕቃዎች ሁሉ አብሮ ዝም የሚያሰኝ ምርጫ አለ። በእኛ ሰርቨር ሥር ከተያያዙት አንዱ የችግኝ ማሳደጊያው ክፍል የሙቀት ሴንሰር ነበር።

ያ ክፍል የላቦራቶሪ ባልደረባችን የአማረች ነበር። ዝንጅብላችንን አጠውልግ በሽታ ከጨረሰው ወዲህ ንጹሕ ዘር ማግኘት ጭንቅ ሆኗል። አማረች ቤሌ ካለው የእናቷ ጓሮ የተረፈውን ጥቂት ዝንጅብል አምጥታ በጠርሙስ ውስጥ ታባዛው ጀመር። ስንት ጊዜ ሻገተባት፣ ስንት ጊዜ ጥላው እንደገና ጀመረች። በመጨረሻ መደርደሪያው ሞላ፤ የቤሌ ገበሬዎችም በሚቀጥለው ዝናብ እንደሚሰጣቸው ቃል ተገባላቸው። ክፍሉ ሲሞቅ የሚጮኸው የእሷ ስልክ ብቻ ነው፤ ምትክ አልተመደበላትም። ከባልሽ ይልቅ ይሄ ክፍል ይደውልልሻል እያልኩ አሾፍባት ነበር። ባሏ የሚደውለው ሲርበው ብቻ እንደሆነ ትመልስልኛለች።

እናቷ ያረፉት መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን የሚያቆየውን የዩፒኤስ ባትሪ ልንቀይር ባቀድንበት ሳምንት ነው። በእኛ አገር ከሥራ ባልደረባ እናት ቀብር አይቀርም፤ የቀረ ሰው ሲታማ ይኖራል። አቶ ማርቆስም ቢሮው ባዶ መሆኑ ካልቀረ ጥገናው በቀብሩ ቀን ጠዋት ይለቅ አሉ። ዳውንታይም ያዝን፣ ሰርቨሩን አጠፋን፣ ባትሪውን ቀይረን አበራን። ስክሪኑ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ።

እዚህ ላይ ዳውንታይሙን ማንሳት ነበረብን። አቶ ማርቆስ ግን እስከ ማግስቱ አራዘሙት፤ በሰርቨሩ ሥር ያሉትንም ሁሉ ጨመሩበት። ቢያንስ የማሳደጊያው ክፍል ይቅር አልኳቸው።

"እናቷን አፈር እያለበሰች ስልኳ ይጩህባት?" አሉኝ። "እሷ እንደሆነች አታጠፋውም። አንድ ቀን እንኳ በሰላም ታልቅስ።"

እንደ ሰው ካየነው ልክ ነበሩ። መኪና ውስጥ ይህንኑ ሲናገሩ ሠራተኛው ሁሉ መረቃቸው።

ቤሌ ስንደርስ አማረች ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች። ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች። ከለቅሶው መለስ ስትል ቋጠሮውን ትፈታና ታየዋለች። ዝም ማለቱን አይታ መልሳ ትቋጥረዋለች። ልነግራት ፈለግሁ፤ ግን ለቅሶ ቤት ነውና ተውኩት። ማታም ዝናቡ መንገዱን ስላበላሸው እዚያው አደርን።

እኛ ቤሌ ሳለን ሶዶ ላይ መብራት ሄዶ ተመልሶ ነበር። ሲመለስ የማሳደጊያው ክፍል መብራቶች በሩ፤ የኤሲው ብሬከር ግን ወድቆ ቀረ። መብራቶቹ ክፍሉን ያለ ማቀዝቀዣ ሲያግሉት አደሩ። ጥበቃችን ጋሽ ዳና የኤሲው ድምፅ መጥፋቱን ሰምተዋል።

"ጥገና ነው ብላችሁኝ የለ?" አሉን በማግስቱ። "እናንተ ያጠፋችሁት መስሎኝ ነው።"

በሩን ስንከፍት ሙቀቱ ፊታችንን መታን። ቅጠሎቹ ቡናማ ሆነው ከጠርሙሱ ጋር ተጣብቀዋል። የተቀቀለ ጎመን ይሸት ነበር። መነሻ ዘሩም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር፤ እናቷ ጓሮ የቀረውን ደግሞ በሽታው ጨርሶታል። ስክሪኑ ላይ ያ ክፍል ከትናንት ጀምሮ ቀይ ነበር።

አቶ ማርቆስ ምንም አልደበቁም። ለኃላፊዎቹ እኔ ነኝ ብለው ተናገሩ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈላቸው፤ ገበሬዎቹም ትንሽ ታገሡ ተባሉ። የሚታገሡለት ነገር ግን አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን የከበደኝ ጊዜ የለም፤ የምንቆጣው ክፉ ሰው እንኳ አልነበረንም።

አማረች ጥቁር ለብሳ ሥራ የገባች ቀን አቶ ማርቆስ በሩ ላይ ጠበቋት። ስልኳ ለምን እንዳልጮኸ ራሳቸው ነገሯት፤ ለእሷ ብለው እንዳደረጉትም ጨመሩ። እስኪጨርሱ ሰማቻቸው።

"እናቴ እኮ ሞታለች፣ አቶ ማርቆስ" አለች። "ስልክ ቢጮህ አትሰማም። እነዚህ ግን በሕይወት ነበሩ።"

ከዚያ ገብታ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እየደፋች ማጠብ ጀመረች። አቶ ማርቆስ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሊያግዟት ሲጠጉ እንዲተዉት ነገረቻቸው።

በዚህ ሥራ ላላችሁ የምለው ይህ ነው። ዳውንታይም የሚያዘው ለሚጠፋው ማሽንና ለሚጠፋበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ማሽኑ ሲነሳ ይነሳል። ባለቤቱ ኀዘን ላይ ከሆነ ማንቂያው ወደ ሌላ ሰው ስልክ ይዞር። ያ ሰው ከቀብሩ ይቅር፤ ቢታማም ይታማ።