የድንች ወንፈል

ልጆቼን ያሳደግሁት «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» እያልሁ ነው። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ ከሱቅ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ፊደል ለቅሜ ማንበብ የቻልሁ ነኝና ሰነፍ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ መደበቂያ እንዳላገኝ ነው።

አንድ ቀን በአውኛ የታተሙ መጽሐፍ ቅዱሶች በከረጢት ይዤ ከቆሰበር ወጣ ወዳለ መንደር ልሄድ ተነሣሁ። ከሁለት መንደሮች ከረጢቱን እንደሞላ መልሼው ነበርና ባለቤቴ፣ «ዛሬም አንድ ሳትሰጥ ከመጣህ ነገሩን ተወው፤ ሰው አታስቸግር» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ባጃጁ ጭቃ ላይ አውርዶኝ ተመለሰ። አንዱን በር ባንኳኳ ዝም፤ ሌላውን ባንኳኳ ውሻ። ለካ መንደርተኛው ሁሉ ወንፈል ወጥቶ የአንድ ሽማግሌ ድንች ይቆፍራል። እኔም ማሳው ዳር ቆሜ ስለ እግዚአብሔር ቃል መናገር ጀመርሁ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። «አያ ሰባኪ፣ እጅህን አሞሃል?»

«ደኅና ነኝ፣ አባቴ።»

«ታዲያ ሰማዩ እንዲህ ጠቁሮ ምን ያስቆምሃል?»

«ተዉት፣ ጫማው ይቆሽሽበታል!» አለች አንዲት ሴት። ማሳው በሳቅ ሞላ።

ልጆቼ አጠገቤ ባይኖሩም ያዩኝ መሰለኝ። ጫማዬን አውልቄ ዶማ ተቀበልሁ። የመጀመሪያዎቹን ድንቾች ለሁለት ለሁለት ስሰነጥቃቸው፣ «ለወጥ እየከተፈልን ነው» ተባለ። ዝናቡ ሳይደርስ ጨረስን። በሩጫ ሁሉም ወደየቤቱ ሲገባ እኔ ከረጢቱን ሳልፈታ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ባለቤቴ ከረጢቱን አየች፤ የተላጠ መዳፌን አየች። ቃል ቃል ነውና ከረጢቱን ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጥሁት።

እሑድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ባለባጃጁ ቤቴን አሳይቷቸው፣ ሽማግሌው ከአምስት ጎረቤቶቻቸው ጋር ቆመዋል።

«ወንፈል ይመለሳል» አሉ። «የምናርስልህ ማሳ የለህም። ሥራህ ማንበብ ከሆነ ልንሰማ መጣን።»

አውኛ አልችልም። ፊደሉ ግን ያው ነውና ሊዘራ ስለ ወጣው ሰው የሚናገረውን ምዕራፍ አወጣሁና ቃሉ ሳይገባኝ ጮክ ብዬ አነበብሁ። አነባበቤ መጀመሪያ አሳቃቸው። ኋላ ግን እርስ በርሳቸው በአውኛ ይከራከሩ ጀመር።

«ምን ይላሉ፣ አባቴ?»

«ይሄ ጎረቤቴ፣ መንገድ ላይ ዘር የሚበትን ምን ዓይነት ገበሬ ነው ይላል። እኔ ደግሞ የሚሰማም የማይሰማም ቢኖር ለሁሉም መዝራቱ ነው እላለሁ። ገባህ?»

«ገባኝ።» ስንት ዓመት ያነበብሁትን እንደ አዲስ ሰማሁት። ማስተማር እንጂ መስማትን ሥራ ብዬ ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

ሲነሡ ሽማግሌው መጽሐፉን ተሳልመው ጉያቸው ከተቱት። «የልጅ ልጄ ታነብልኛለች። የታችኛው ማሳ ወንፈል ግን ማክሰኞ ነው።»

ማክሰኞ ጠዋት ከረጢቱን ሳወርድ ባለቤቴ ከጓዳ፣ «አሮጌውን ጫማ አድርግ!» አለችኝ።