የአባቴ ጋቢና የቬኑስ ደመና

ጉረኛ ነበርኩ። አሁን ሳስበው ሌላ ቃል አላገኝለትም። ደሴ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር፤ ፕላዝማ የሚሉት ቴሌቪዥን በየክፍሉ የተሰቀለ ሰሞን ነው። መምህሩ በሳተላይት ይመጣል፣ በጥድፊያ ያወራል፣ ማንንም አይጠብቅም። እኛ ጥግ ይዘን እንደ ዘበኛ እንቆማለን። መብራት ሲጠፋ ተማሪው ይጮሃል፣ እኔም በሆዴ እልል እላለሁ፤ ያኔ ጠመኔዬን አንስቼ መምህር እሆናለሁ።

አንድ ቀን ምንባቡ የፕላኔቶችን አየር ንብረት የሚያወዳድር ነበር። ሜርኩሪ ለፀሐይ የቀረበች ናት፤ ግን የምትለብሰው አየር የላትም፣ ቀን ስትጠበስ ትውልና ሌሊት በብርድ ትደርቃለች። ቬኑስ ከእሷ ርቃ ሳለ ከሁሉም ትብሳለች፤ ወፍራም አየርና ደመና ስለተከናነበች ሙቀቷ መውጫ የለውም። የማርስ ልብስ ደግሞ ስስ ነው፣ ሙቀት አይዝላትም። እዚህ ላይ መብራት ሄደ፤ እኔም ተቀበልኩ። ስሞቹ የሮማውያን አማልክት ስሞች መሆናቸውን፣ ቬኑስ የፍቅር፣ ማርስ የጦርነት መሆናቸውን፣ የጥንት እንግሊዝ ገጣሚዎችም ፍቅር በያዛቸው ቁጥር ቬኑስን እንደሚጠሩ አወራሁ። አንዱ ተማሪ ተነሥቶ፣ "ቲቸር፣ እንግሊዞቹ ክርስቲያን አይደሉም እንዴ? የጣዖት ስም ምን ይሠራላቸዋል?" አለኝ።

መልሱን ያገኘሁት ከአባቴ ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ከጦሳ ተራራ ሥር ካለች ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጥያቄውን ስነግራቸው ሳቁ። "ምን ይደንቃል? የእኔስ ተማሪ የድሮውን ታሪክ ሳያውቅ ምን ይዞ ይቀኛል? የቀደመ ሰው ታሪክ ለባለቅኔ ስንቁ ነው። ማመን ሌላ፣ ስንቅ መያዝ ሌላ" አሉኝ። የዩኒቨርሲቲ መምህሮቼ በአንድ ዓመት ያልገለጡልኝን በአንድ ትንፋሽ ገለጡልኝ። ስለ ቬኑስ ሙቀት ስተርክላቸው ግን፣ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብለው ቀለዱብኝ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፤ አልቆም አላቸው።

ያ ሳል ከርሞባቸው ነበር። በየዓመቱ የጥቅምት ብርድ ሲገባ ይነሣል፤ ያን ዓመት ግን ደረታቸውን አፈነው። ሰው ሁሉ "ቆላ ይውረዱ፣ አየር ይለውጡ" ይላል። ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ ነው ያገባችው፤ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል መውረድ ነው፣ ሚኒባስ ያደርሳል። አባቴ እምቢ አሉ። "ተማሪዎቼን ለማን ልተው? እኔ እዚሁ ልሙት" አሉ። እኔ ታዲያ ምን መዘዝኩ? ያችን ምንባብ!

"አባባ፣ ደሴ ማለት ማርስ ናት፤ ልብሷ ስስ ነው። እርስዎ የሚያሻዎ ሞቅ ያለ አየርና ወፍራም ልብስ ነው" አልኳቸው።

"ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ይሉኝ የነበሩ አባት፣ ትክ ብለው አዩኝና፣ "ይሁን፤ ዘንድሮ እኔ ተማሪሽ ልሁን" አሉ።

ከሰኞ ገበያ ወፍራም ጋቢ ገዛሁላቸውና ይዣቸው ወረድኩ። በሁለተኛው ሳምንት እህቴ ደውላ ሳሉ መብረዱን ስትነግረኝ፣ ለመምህራኑ ሁሉ እየዞርኩ አወራሁ። አላልኩም?

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት፣ እህቴ ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ደውላ አስጠራችኝ። "አባባን ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ያልባቸዋል። ወባ እንዳይሆን፣ ጤና ጣቢያ ልውሰዳቸው?" አለችኝ። እኛ ቤት ደግሞ ከአያት የወረደ ነገር አለ፤ የደጋ ሰው ቆላ ሲወርድ አጥንቱ ውስጥ የከረመው ብርድ በመንቀጥቀጥና በላብ ይወጣል ይባላል። ተማርኩ የምለው እኔ፣ የፕላኔት አየር የምተነትነው እኔ፣ ይህን አመንኩ። "ወባ ወባ አትበይብኝ! ብርዱ እየወጣላቸው ነው። ደህና አድርገሽ አልብሻቸው፤ ቅዳሜ እመጣለሁ" አልኳት። እህቴ እኔን መጋፋት አታውቅም። በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ደረበችባቸው።

ኀሙስ ዕለት አንዲት ሙስሊም ጎረቤቷ፣ እናታችን የምታህል ሴት፣ ልትጠይቃቸው ገባች። ገና ከደጃፉ ጮኸች አሉ። "ወላሂ ይሄ ወባ ነው! ሰውየውን ልትቀቅሉት ነው እንዴ?" ብላ ጋቢውን ገፈፈችው። እህቴ ስታለቅስ፣ "አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ" እያለች፣ ሁለቱ አባቴን አቅፈው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። ወባው ወደ ራሳቸው ወጥቶ ነበር። ዓርብ ጠዋት አረፉ። ሐኪሙ ቀድመው ቢመጡ ኖሮ ይድኑ እንደነበር፣ መድኃኒቱም ሞልቶ እንደነበር ነገረን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

በሚቀጥለው ዓመት ፕላዝማው ያንኑ ምንባብ ይዞ መጣ። "ሙቀቷ መውጫ የለውም" የሚለው ላይ ሲደርስ ክፍሉን ትቼ ወጣሁ። ሽንት ቤቱ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። ማፈር ማለት ያን ቀን ገባኝ።

እህቴ እስከ ዛሬ ጥፋቱን በራሷ ታደርገዋለች። "ያለበስኳቸው እኔ" እያለች ደረቷን ትደቃለች። እኔም፣ "ተይ እንጂ፣ ያዘዝኩሽ እኔ" እላታለሁ። ይህን እሷም ታውቀዋለች። የማታውቀው አለ።

ረቡዕ ዕለት ደውዬ ነበር። እህቴ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ኖሮ፣ ትንሿ ልጇ ስልኩን ወስዳ ለአባቴ ሰጠቻቸው። ድምፃቸው ሩቅ ነበር።

"ልጄ፣ ይህን ጋቢ አንሡልኝ በያቸው። ታፈንኩ። እኔን እምቢ ብለውኛል፣ የሚሰሙት አንቺን ነው" አሉኝ።

"አባባ፣ ትንሽ ይታገሱ፤ ብርዱ እየወጣ ነው" አልኳቸው።

ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ ሲያርሙ የኖሩ ሰው፣ እኔን አላረሙኝም።

"እሺ" አሉኝ።