ምሥራቅና ምዕራብ ኢንሽኦወን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

አሌክሳንድሪያ ልጄ ቤት ተቀምጬ፣ ከገበያ የመጣው ድንች አፈሩ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረገፍ ያ የእርጥብ መሬት ሽታ አፍንጫዬ ገባና ሾን ትዝ አለኝ።

ያኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን፣ ጉልበቴም አልከዳኝም፤ የሰፈሩ ሰው መደብ መደብ ተካፍሎ በሚያርሰው የጋራ ጋርደን የሾን መደብ ከኔ ይዋሰናል። አየርላንዳዊ ሽማግሌ ነው፣ ክርክር ወዳድ፣ እኔም አላንስም። ስለ አገሩ ከጀመረ አያቆምም፤ ባሮኒ የሚሉት አለ፣ እንደኛ ወረዳ ያለ፣ የጥንት ባላባት ግዛት የነበረ፣ የሱ ኢንሽኦወን ይባላል፣ የኦወን ደሴት ማለት ነው፣ ግን ደሴት አይደለም፣ ግራና ቀኙ ባሕር ሆኖ በደቡብ ከየብስ የተያያዘ ተራራማ አገር ነው፣ ኋላ መንግሥት ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ ከፈለው። ዛሬ ሹም የለበትም፣ በመሬት ወረቀት ላይ ግን ስሙ አለ።

«ሹም የሌለው ግዛት ምን ይረባል?» ስለው፣

«ሹም ያልፋል፣ ድንበር አያልፍም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የኔን መደብ ምሥራቅ፣ የሱን ምዕራብ አልነው፤ በመሀል ትንሽ ቦይ፣ ጫፏ ላይ አንድ ግራጫ ድንጋይ።

አንድ ጸደይ ሾን ዳሌው ተሰበረና ሆስፒታል ገባ። በጋርደኑ ሕግ ያልታረሰ መደብ ለተረኛ ይሰጣል፤ ኃላፊዋ መጥታ «የሚመለሱ አይመስለኝም» አለች። «ይመለሳል፣ እስከዚያ እኔ አለሁ» አልኳት። ከሥራ እየወጣሁ ምዕራብን ቆፈርኩ፣ ድንች ተከልኩበት፣ የራሴን ጎመን አረም በላው። ልጄ ኮል እያደረገች «አባዬ፣ የሰው መሬት ምን አገባህ?» ትለኛለች። ዝናብ ቦይዋን ሲያፈርሳት ስንዝር ወደ ምዕራብ ብገፋት የሚያይ አልነበረም፤ እኔ ግን ድንበር የገፋ ሰው እህሉ አይበረክትም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩ፣ በቦታዋ መለስኳት።

በመከር ሾን በከዘራ መጣ። ሰላም እንኳ ሳይለኝ ድንጋዩን በከዘራው ነካ ነካ አደረገ፣ ቦይዋን ከጫፍ ጫፍ አያት።

«ጋሼ፣ አልገፋህም» አለኝ፤ ጋሼን ያስተማረችው ልጄ ናት።

«ጭቃ ምን ያደርግልኛል?» አልኩት።

ሳቀ። እሱ ተቀምጦ እያዘዘ እኔ እየቆፈርኩ ድንቹን አወጣነው፤ ኃላፊዋ ስታልፍ ትልቁን አንስቶ «ምዕራብ ኢንሽኦወን» ብሎ እንደ ዋንጫ አሳያት።

ዛሬ ሾን የለም፣ ቦይዋንም ደፍነው ሁለቱን መደብ አንድ አድርገዋል አሉ፣ ጉልበቴም ሄዷል። ይሂድ። ምዕራብ በኔ እጅ ሳለች ስንዝር አልጎደለባትም፤ ቦይዋ በየት በኩል ትሄድ እንደነበር ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አሳያለሁ።