የብዙነህ ኮምፒውተር አልነሳ ያለ ዕለት

ብዙነህ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ሲጫን ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። ወይዘሮ አልታየሽ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ አጠገቡ ተቀምጠዋል። ማራገቢያው ተንሿሿ፤ አረንጓዴዋ መብራት በራች። ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

«ትንሽ ይፈጃል፤ አርጅቷል» አላቸው።

«ግዴለም ልጄ። ስምንት ዓመት ጠብቄ የለም እንዴ?»

ብዙነህ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሎንደን ኤድመንተን ሰፈር ከገባ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ዕድሜውን የጨረሰው መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳና ሲጥል ነው። ሰው የሚያውቀው ግን በቀብር ነው። ሎንደን ውስጥ ዘመድ የሌለው ሐበሻ ሲሞት ሰው የሚያሰባስበው፣ አስከሬኑን ተከትሎ የሚሄደው፣ አፈር እስኪለብስ የሚቆመው እሱ ነው። ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ሁሉንም ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፋል፦ የመቃብሩን ረድፍ፣ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ከሁሉ በላይ ግን ሁለቱን ስሞች። ከስደተኞቹ ብዙዎቹ እዚህ አገር የገቡት በሌላ ስም ነው። የመቃብር ቢሮው የሚያውቃቸው ወረቀታቸው ላይ ባለው ስም ነው፤ እናታቸው ደግሞ ባወጣችላቸው። ሁለቱ የሚገናኙት በብዙነህ መዝገብ ላይ ብቻ ነበር። የሰው ምስጢር ነው ብሎ ኢንተርኔት ላይ አላወጣውም፤ ለማንም ኮፒ አልሰጠም።

ወይዘሮ አልታየሽ ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ከደሴ መጥተው ዋይት ሲቲ የሚባል ሰፈር ነው የሰነበቱት። ልጃቸው ተክለአብ ከስምንት ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ ሞቶ እንደተቀበረ ያውቃሉ፤ የት እንደሆነ ግን የሚነግራቸው አላገኙም። የብዙነህን ስም የሰሙት ሐሙስ ዕለት ነው። ደወሉለት። «ቅዳሜ ይምጡ፣ ይዤዎት እሄዳለሁ» አላቸው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ አውሮፕላናቸው ይነሳል።

ኮምፒውተሩን ያን ሐሙስ ከፍቶት ቢሆን ኖሮ!

አጥፍቶ አበራው። የስክሪኑን ገመድ ነቅሎ መልሶ ሰካ። ሶኬት ቀየረ፤ ከኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያው መሰኪያ ፊውዝ አውጥቶ በኮምፒውተሩ መሰኪያ ከትቶ ሞከረ። ምንም። ስቶክዌል ሰፈር ስልክ ጥገና ቤት ለሚሠራው ለዳኛቸው ደወለ።

«ጋሼ ብዙነህ፣ ሲያበሩት ድምፅ አለው?»

«ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጵ ይላል። ሦስቴ።»

«እንግዲያው ሜሞሪው ይሆናል። ገመዱን ይንቀሉና የጎኑን ክዳን ይክፈቱት። መጀመሪያ ግን ብረቱን ይንኩ፣ እጅዎ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ እንዳይጎዳው።»

ብሎኑን በቢላዋ ጫፍ ፈታ። ውስጡ የዓመታት አቧራ ተጋግሯል። ዳኛቸው በስልክ እየመራው ሁለቱን ቀጫጭን አረንጓዴ የሜሞሪ ካርዶች አወጣ፤ ወርቃማ ጥርሳቸውን በላጲስ ፈተገ። መልሶ ሲሰካቸው አንደኛው አልገባ አለው። ወይዘሮ አልታየሽ ብድግ ብለው የስልካቸውን መብራት አበሩለት።

«ገፋ ያድርጉት፤ ቀጭ እስኪል» አለ ዳኛቸው።

ቀጭ አለ። ቁልፉን ተጫነ። ስክሪኑ በራ!

«ተመስገን!» አሉ ወይዘሮ አልታየሽ፤ ጋቢያቸውን ይመስል የካፖርታቸውን ጫፍ ጨብጠው። ነጫጭ ነጠብጣቦች ክብ ሠርተው መዞር ጀመሩ። ዞሩ፣ ዞሩ። ከዚያ ሰማያዊ ሆነ፤ «ጥገና በመካሄድ ላይ ነው» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ፤ ጠፋ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሁለተኛ ዞሮ ሲመለስ ከኮምፒውተሩ ሣጥን ውስጥ ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ብዙነህ ስልኩን ወደ ሣጥኑ አስጠጋው።

«ዳኛቸው፣ ይሰማሃል?»

«ጋሼ፣ ያጥፉት። አሁኑኑ።»

«ለምን? ሊነሳ ነው እኮ!»

«የሚሰሙት ፋይሉ የተቀመጠበት ሀርድ ዲስክ ነው። የሚያነበው መርፌ ዲስኩን እየፋቀው ነው። ባበሩት ቁጥር ውስጡ ያለው እየተላጠ ይሄዳል። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ባካፕ አለዎት?»

«የለኝም» አለ ብዙነህ። አጠፋው።

«አንድ ጊዜ ብቻ ብሞክርስ? ፋይሉን ከፍቼ አንዲት ቁጥር አይቼ ብዘጋው?»

«ሊሆን ይችላል። አንዴ ተነስቶ ያሳይዎት ይሆናል። ወይ ደግሞ ያ የመጨረሻው ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ባለሙያም አያወጣው። እኔ አብራ ማለት አልችልም፣ ጋሼ።»

ብዙነህ ጣቱን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ ቀረ። የመቃብር ቢሮው ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። ደግሞ ቢከፈትስ በማን ስም ይጠይቃል? ተክለአብ የተቀበረበትን ያን የወረቀት ስም ገመድ ሲነቅልም፣ ብሎን ሲፈታም በልቡ ሲፈልገው ነበር፤ ጫፉ እንኳን አልመጣለትም። ስንቱን ቀብሮ፣ ስንቱን ያስታውስ! ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ምን አለህ ልጁ?» አሉት ወይዘሮ አልታየሽ።

ሳይደብቅ ነገራቸው።

ሣጥኑን በጣታቸው አመለከቱ። «ስንት ሰው ነው እዚህ ውስጥ ያለው?»

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።»

«እናት ያላቸው አሉ?»

«አሉ። ብዙዎቹ አላቸው።»

ወይዘሮ አልታየሽ እጃቸውን ዘርግተው የብዙነህን ጣት ከቁልፉ ላይ አነሱት። እጃቸው በረዶ ነበር። «በል ተወው። ለእኔ አንድ ልጅ ብለህ የሰው ልጅ አታጥፋ።»

«እማማ፣ አሁን ካልሆነ መቼ ይመጣሉ?»

«አልመጣም። አውቃለሁ። ተነስ፤ እግርህ ወደሚያስታውሰው ውሰደኝ።»

በአውቶቡስ ሄዱ። ብዙነህ መንገዱን ሙሉ ያንን ቀብር ለማስታወስ ጣረ። ክረምት ነበር፤ ዝናቡ አፈሩን ጭቃ አድርጎት ነበር፤ አንድ የውሃ ቧንቧ ነበር። በዚያው ክረምት ግን ሦስት ሰው ቀብሯል፤ ቀብሮቹ አእምሮው ውስጥ ተደባልቀውበታል። ቧንቧውን አገኘው። ከቧንቧው በስተግራ፣ ድንጋይ ያልቆመላቸው፣ ቁጥር ብቻ የተሰካባቸው ሦስት መቃብሮች ጎን ለጎን አሉ።

«ከነዚህ አንዱ ይመስለኛል፣ እማማ። ግን አልምልም።»

ወይዘሮ አልታየሽ ሦስቱንም እያፈራረቁ አዩ። ከዚያ እርጥቡ ሣር ላይ ተንበረከኩና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ አለቀሱ። ተነስተው ወደ ሁለተኛው ሄዱ። እዚያም አለቀሱ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው አልቆ ነበር፤ አፈሩን በመዳፋቸው ብቻ ይዳብሱ ነበር። ብዙነህ ሊያነሳቸው ቀረበና አቃተው፤ እሱም አጠገባቸው ተቀመጠ። የበሩ ጠባቂ መዝጊያ ሰዓት መድረሱን ሊነግራቸው መጥቶ፣ አይቷቸው፣ ራቅ ብሎ ቆመላቸው።

ሀርድ ዲስኩን ዳኛቸው አውጥቶ ሌላ ከተማ ላለ ባለሙያ ላከው። በስድስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ መቶ ሰማንያ አንዱ ተገኝተዋል። ሠላሳ አንዱ የሉም። ብዙነህ ፋይሉን ጥገና ቤቱ ውስጥ ቆሞ ከፈተው፤ የጠፉትን ለመቁጠር ድፍረት አጥቶ መጀመሪያ ተክለአብን ፈለገ። አለ። ረድፉም ቁጥሩም አለ።

በማግስቱ ቁጥሩን ይዞ ሄደ። ተክለአብ ከሦስቱ አንዱ አልነበረም። ከቧንቧው በስተቀኝ ነው፤ ከመንገዷ ማዶ፣ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ።

ብዙነህ እዚያ ቆሞ ብዙ አሰበ። ዝም ቢል ማን ያውቃል? አልቅሰው ወጥቶላቸው ሄደዋል። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ የጻፈው ማንም ሰው የት እንዳለ በትክክል እንዲታወቅ ነው። ደሴ ደወለ።

«እማማ አልታየሽ፣ አጥፍቻለሁ» አለና ሁሉንም ነገራቸው።

ሲተነፍሱ ይሰማዋል።

«አሁን የት ነው ያለኸው?» አሉ በመጨረሻ።

«እሱ ዘንድ ነኝ። እግሩ ሥር ቆሜያለሁ።»

«እንግዲያው ስልኩን መሬት አስቀምጥልኝና አንተ ራቅ በል።»

ብዙነህ ጎንበስ ብሎ ሣሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና ስልኩን ፊቱን ወደ አፈሩ አድርጎ አስቀመጠው። ከዚያ የሚሉትን እንዳይሰማ እስከ መንገዷ ድረስ ሄዶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።